ባዶ ሰሃን አይመለስም

«እንቁላል ብቻ እንዳታመጪ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ሳቁ ቢያመልጠው ጉድ ነው የሚፈላው።»

ይህን ያለችው በገበያ አዳራሹ ውስጥ፣ ገንዘብ መክፈያው ሰልፍ ላይ፣ ከኮርዴል ሪግዝ ጀርባ የቆመች ቀይ ኮት የለበሰች ሴት ናት። ጓደኛዋ ጋሪዋን ወደ ፊት ገፋ አድርጋ፣ «እኔ ጭራሽ ባዶ እጄን ነው የምሄደው» አለች። «ናዲን ስታምፐር ለማን ወሰደችና? እናቴ የሞተች ጊዜ ደጃችንን አልረገጠችም። ለቅሶ ቤት ሰሃን ይዛ ከታየች አምስት ዓመት ሆናት።»

«ድሮ እንዲህ አልነበረችም እኮ። ሰው ሞተ ከተባለ ከፓስተሩ ቀድማ የምትደርሰው እሷ ነበረች።»

«እሱማ ነው ያዘፈነባት!» አለች ጓደኛዋ፤ ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ስለ ማን እንደሚያወሩ ትዝ ብሏቸው ዝም አሉ።

ኮርዴል ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ድረስ ዝቅ አደረገ። እጁ ላይ የነበረው ሦስት ዶላር የተጻፈበት አንድ እቅፍ አበባና አንድ ጥንድ ጥቁር ካልሲ ነው። የናዲን ባል ሆባርት የሞተው ማክሰኞ ነበር፤ ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ቀብሩ ነገ ነው። ለኮርዴል ደግሞ ናዲን የእናቱ ታናሽ እህት ናት፤ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት። አበባውን ሰጥቶ፣ በር ላይ ትንሽ ቆሞ፣ ሰው ሳያየው ለመመለስ ነበር ሐሳቡ። ሴቶቹ እንዳያውቁት ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ ከሰልፉ ወጣ። አበባውን ባልዲው ውስጥ መልሶ አስቀመጠና የወተትና የቅቤ መደርደሪያው ጋ ሄዶ አንድ ደርዘን እንቁላል አነሳ። ሰማንያ አምስት ሳንቲም ነው። ማዮኔዝና ሰናፍጭም ያዘ። ከዚያ ሌላኛው ጥግ ያለው መክፈያ ጋ ሄዶ ተሰለፈ። እዚያም ቢሆን ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ እንቁላሉን አየች፣ እሱን አየች፣ እንደገና እንቁላሉን አየች፤ ከንፈሯን ነክሳ መልሱን ሰጠችው።

የሚኖረው ከአንድ ቁልፍ ሠሪ ሱቅ በላይ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። በወር መቶ አሥር ዶላር ይከፍላል። አንድ አልጋ፣ ባለ አንድ ዓይን የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ከሥራው ያመጣው ቁራጭ ምንጣፍ አለው፤ አሁን ናሽቪል ውስጥ በአንድ ምንጣፍ መሸጫ ቤት እየለካ ቆርጦ የሚሰጥ ሠራተኛ ነው። ጊታሩ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ነው። ከአልጋው ራስጌ ባለው መደርደሪያ ላይ ደግሞ አረንጓዴ የብርጭቆ ሰሃን አለ፤ ሰፊ ነው፣ ዙሪያውን ሃያ አራት የእንቁላል ግማሽ የሚይዙ ጎድጓዳ ማረፊያዎች አሉት። ከሥሩ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበታል። ፕላስተሩ ላይ በእርሳስ «ናዲን ስታምፐር» ተብሎ ተጽፏል። ለቅሶ ቤት ምግብ የሚወስድ ሰው ሁሉ ሰሃኑ እንዳይጠፋበት እንደዚህ ስሙን ይጽፋል፤ ባለ ለቅሶውም ሐዘኑ በረድ ሲልለት ስሙን እያነበበ ለየባለቤቱ ይመልሳል። የሚመለሰው ሰሃን ደግሞ ባዶ አይሆንም። ኬክ ይሁን፣ ከጓሮ የተለቀመ ቲማቲም ይሁን፣ ሦስት ፖምም ይሁን፣ የሆነ ነገር ይኖርበታል። ኮርዴል ይህን የማያውቅበት ጊዜ ትዝ አይለውም። ሰሃኑን አምስት ዓመት ያልመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ምን አድርጎበት ይመልሰው?

ውኃውን ጥዶ እንቁላሎቹን ጨመረና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ሬሳው ሳይቀዘቅዝ፣ እንቁላሉ ደረሰ።» ያቺ ስንኝ ናት ሰው ያደረገችው፤ ያቺው ናት ያዋረደችው። ከሰኔ እስከ መስከረም አገሩ ሁሉ ዘፈናት። የጭነት መኪና ሹፌሩ፣ የነዳጅ ቀጂው፣ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ ያለው ሕፃን ሁሉ አወቃት። ዘፈኑ ውስጥ ሰው ሲሞት ከአስከሬን ገናዡም፣ ከፓስተሩም፣ ከወራሾቹም ቀድማ የተሞላ እንቁላል ይዛ ከተፍ የምትል ሴት አለች። በመጀመሪያ የሴትዮዋ ስም የፈጠራ ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ግን የሸክላው አሳታሚ ጆሮውን እያከከ፣ «እውነተኛ ስሟ ማነው?» አለው። «ናዲን» አለ ኮርዴል። «ታዲያ ናዲን በል እንጂ! ይሄኛው አፍ ላይ ይጣፍጣል። ትፈቅዳለች?» ሙዚቀኞቹ ሁሉ መሣሪያቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር፤ ሰዓቱ ይቆጥራል። ኮርዴል፣ «ነግሬያታለሁ፣ በሳቅ ፈነዳች» አለ። አልነገራትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ቤቷ ሄዶ ለቤተ ክርስቲያን ራት ነው ብሎ ሰሃኑን ተዋሳት። እሷ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችው። የሸክላው ሽፋን ላይ የወጣው ያ ሰሃን ነው፤ ፕላስተሩ በግልጽ እንዲነበብ ተገልብጦ፣ ኮርዴልም የላስቲክ ዶሮ ራሱ ላይ ደፍቶ ከጎኑ ቆሞ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዘፈን አወጣ፤ አንዱ ስለ ተጠመቀ ውሻ፣ ሌላው ስለ ፓስተር ሰው ሠራሽ ፀጉር። ማንም አልገዛቸውም። በየገጠሩ ትርኢት ላይ በላስቲክ ዶሮው እየቆመ ያቺኑ አንዷን ዘፈን እስኪሰለቻት ዘፈነ። ከዚያ ስልኩ መጮኽ አቆመ። የናዲን ስልክ ግን ያኔ ነበር የሚጮኸው፤ የማታውቃቸው ሰዎች እየደወሉ፣ «አያቴ ታማለች፣ እንቁላሉን ቀቅለሽ ጠብቂ» ይሏት ነበር። ይህን የሰማው ከሌላ ሰው ነው። እሷ አንድም ቀን አልነገረችውም። በገና በዓል ይገናኛሉ፤ የአሳማ ሥጋውን አቀብለኝ፣ ጨው አቀብይኝ ይባባላሉ፤ ስለ ዘፈኑ ግን በዚያ ቤት ትንፍሽ ያለ የለም።

እንቁላሎቹ በስለው ሲወጡ አልላጥ አሉት። ልጣጩ ከነጩ ጋር ተጣብቆ እየተቦጨቀ ይወጣል። ሁለቱ ጭራሽ ፈራረሱ። የቀሩትን አሥሩን ለሁለት ለሁለት ከፍሎ፣ አስኳሉን በሹካ ፈጭቶ፣ በማዮኔዝና በሰናፍጭ ለውሶ በማንኪያ ሞላቸው። ሰሃኑን ካጠበ በኋላ ሲደረድራቸው አራት ጎድጓዳ ባዶ ቀረ። የተበሳሳውን ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዞረው፤ አሁንም ያስታውቃሉ። ሰሃኑን በሰም ወረቀት ሸፍኖ ነጭ ሸሚዙን ለበሰ።

መኪናው ውስጥ ሰሃኑን ጎኑ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጦ በአንድ እጁ ደግፎት ነዳ። ቀይ መብራት ላይ ሲቆም የእናቱ ነገር መጣበት። እናቱ የሞተችው በአንድ ጠዋት፣ እቤት ውስጥ ነበር። ገናዦቹ ገና አልመጡም። እሱ ጠረጴዛ ሥር ተደብቆ ነበር፤ ከበፊቱ ቀን ቀትር ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ያስታወሰውም ሰው አልነበረም። ናዲን በሁለት አውቶቡስ፣ ይህንኑ ሰሃን ጭኗ ላይ አድርጋ ደረሰች። ወደ እህቷ ሬሳ ከመሄዷ በፊት ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ጠረጴዛው ሥር ገባችና አጠገቡ ተቀመጠች። ስድስት በላ። አንድ በአንድ ነበር የምታቀብለው፤ «ቀስ በል፣ የኔ ጌታ፣ ያንቃሃል» እያለች። ሬሳው በእርግጥም አልቀዘቀዘም ነበር። ያቺን ስንኝ ከየት እንዳመጣት ጋዜጠኞች ሲጠይቁት፣ «እንዲሁ መጣችልኝ» ነበር የሚለው።

የናዲን ቤት በፋብሪካው መንገድ ላይ ነው፤ ሆባርት ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራበት የመስተዋት ፋብሪካ ከጀርባው ይታያል። በረንዳው ላይ አራት ወንዶች ሲጋራ ያጨሳሉ። መሐላቸው የሆባርት የወንድም ልጅ ዌልደን አለ፤ ትልቅ ሰውዬ ነው፣ ክራባቱን ፈታ አድርጎ ደረጃው ላይ ተዘርፍጧል። ኮርዴል ሰሃኑን በሁለት እጁ ይዞ ከመኪናው ሲወጣ ወንዶቹ ዞር ብለው አዩት። ነፋስ የሰም ወረቀቱን ገለጠው።

«የለም!» አለ ዌልደን። «የለም፣ አታደርገውም! ጎበዝ፣ ይሄ ሰው ይዞ መጣ እኮ!» ጭኑን በጥፊ መታ። «ሬሳው ሳይቀዘቅዝ!»

«እንቁላሉ ደረሰ!» አሉ ከኋላው ሁለቱ፣ ሳያስቡት። አንደኛው በጭብጨባ አጀበው። አራተኛው፣ ሽማግሌው፣ ወደ ሽቦ በሩ እያመለከተ፣ «ተዉ እንጂ፣ ሴትየዋ ትሰማለች» አላቸው፤ እሱም ግን ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ዶሮዋስ? ባርኔጣዋን የት ጣልካት?» አለ ዌልደን እንባውን እየጠረገ። «አጎቴ ይሄንን ቢያይ ከሣጥኑ ተነሥቶ ያጨበጭብ ነበር።»

ኮርዴል እግሩን አንሥቶ በዌልደን ጉልበት ላይ ተሻገረና በክርኑ በሩን ገፍቶ ገባ።

ናዲን ማእድ ቤት ነበረች። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ብቻዋን ተቀምጣለች። እንዲህ ባለ ቀን ይህ ጠረጴዛ በሰሃን ብዛት ልብሱ መታየት አልነበረበትም። ያለበት ግን የፓስተሩ ሚስት ያመጣችው ኬክ፣ አንድ ትሪ ማካሮኒ በአይብ፣ አንድ ያልተፈታ የሱቅ ዳቦ ነው። ማቀዝቀዣው ላይ የሆባርት የመድኃኒት ብልቃጦች በመስመር ተደርድረዋል። ከበረንዳው የሚመጣው ሳቅ ገና አላለቀም። ኮርዴል ሰሃኑን ፊት ለፊቷ አስቀመጠና ባርኔጣውን አወለቀ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች።

«ሰሃንሽ ነው።»

«ሰሃኔ መሆኑንማ መላው አሜሪካ ያውቃል።» ቀና ብላ አላየችውም። «ልትዘፍንልን ነው?»

«አይደለም፣ አክስቴ። ባዶ ሰሃን አይመለስም ብለሽ ነው ያሳደግሽኝ። ሌላ ነገር ማድረግ ደግሞ… ሌላ ነገር ባደርግበት ውሸት መሰለኝ።»

ወረቀቱን አነሳች። በጣቷ እየነካች ቆጠረች። «አራቱ ባዶ ነው።»

«አልላጥ አለኝ።»

«ዛሬ ገዝተህ ዛሬ ቀቅለህ ነዋ! ስንት ጊዜ ነው የነገርኩህ፣ ሳምንት ያልተቀመጠ እንቁላል አይላጥም ብዬ?» አንዱን አንሥታ ግማሹን ነከሰች፤ አኘከች። «ሰናፍጭ አብዝተሃል» አለች። የቀረውን ግማሽ ግን አልጨረሰችውም፤ ሰሃኑ ጫፍ ላይ አስቀመጠችውና ዓይኗን ጨፈነች።

ኮርዴል ወንበር ስቦ መቀመጥ ፈለገ፣ ግን ተቀመጥ ያለው የለም። «አክስቴ፣ ያኔ ሳልጠይቅሽ ነው ስምሽን…»

«አውቃለሁ እንዴት እንደሆነ። እኔም ሬዲዮ አለኝ።» እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። «ሆባርት ዘፈንህን ይወደው ነበር፣ ታውቃለህ? ሬዲዮው ላይ ሲመጣ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። የኔን ኮቴ ሲሰማ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል። እኔም እንዳላሳፍረው ብዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ። አምስት ዓመት እንደዚህ ኖርን። እሱ የሰማሁ አይመስለውም፤ እኔ የሚያውቅ አይመስለኝም።»

ኮርዴል ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

«መቀቀሉን ግን አልተውኩም» አለች ናዲን። «ሰው ሞተ በተባለ ቁጥር እቀቅላለሁ። አንተ ሰሃኔን ወስደህብኝ በሌላ ሰሃን እደረድራለሁ። ኮቴን እለብሳለሁ። በሩን እከፍታለሁ። ከዚያ የዚያ ቤት ሰዎች ሲያዩኝ ምን እንደሚሉ ይሰማኛል፤ ሳይሉት ይሰማኛል። ሰው እናቱን አጥቶ፣ ልጁን አጥቶ፣ በኔ ምክንያት ይስቅ? ከዚያ በኋላ ራሱን ይጠላል እኮ። ስለዚህ ኮቴን አወልቃለሁ።»

«እንቁላሉንስ?» አለ ኮርዴል፤ ለምን እንደጠየቀ አላወቀም።

«ሆባርት ነው የሚበላው።» ወደ መድኃኒቶቹ አየች። «ሐኪሙ እንቁላል ከልክሎታል። ተው ስለው፣ ‘ይጣል እንዴ፣ ናዲን? የሰው ለቅሶ አይጣልም’ ይለኝ ነበር።»

በረንዳው ላይ ዌልደን ስለ መኪና ጎማ ዋጋ ያወራል። ኮርዴል የሚለውን ፈለገ፤ ይቅርታ የሚለው ቃል አፉ ውስጥ ነበር፣ ግን ከመድኃኒቶቹ ፊት ያቺን ቃል ማውጣት ፈራ፤ እሷን ሳይሆን ራሱን የሚያሳርፍባት መሰለው። ናዲን ተነሥታ የእቃ ማጠቢያው ጋ ሄደች። መስኮቱ ወደ መንገዱ ያያል። ከመንገዱ ማዶ ቀለሙ የተላጠ፣ ለሁለት ተከራይ የተከፈለ ቤት አለ።

«ና ወዲህ» አለችው። «በስተግራ ያለው በር ይታይሃል? እሑድ ባሏ ሞተ። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከኦሃዮ ከመጡ አራት ወራቸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የላቸውም፣ ዘመድ የላቸውም። ከእሑድ ጀምሮ በዚህ መስኮት እያየሁ ነው። ሰሃን ይዞ በዚያ በር የገባ ሰው የለም። ሰኞ ቀቀልኩላት። እንደ ልማዴ ኮቴን ለበስኩ፣ አወለቅሁ። ሰኞ ማታ ሆባርት በላቸው።» ውኃውን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። «ማክሰኞ የሆነውን ታውቃለህ።»

ኮርዴል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሰሃን አየ፤ ምን ልትለው እንደሆነ ገባው። ናዲን መሳቢያውን ከፍታ የፕላስተር ጥቅልና እስክሪብቶ አወጣች። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሰሃን ገለበጠች፤ አረንጓዴውን ሰሃን አጥባ አደረቀች። ከሥሩ ያለውን አሮጌ ፕላስተር በጥፍሯ ላጠችው፤ በዕድሜ ብዛት ስለ ደረቀ በቁራጭ በቁራጭ ነበር የሚነሣው። አዲስ ቆርጣ ለጠፈች። በዝግታ፣ እያንዳንዷን ፊደል እያሳመረች «ኮርዴል ሪግዝ» ብላ ጻፈች። እንቁላሎቹን ስትመልስ የነከሰችውን ግማሽ ለራሷ አስቀረች፤ አምስቱን ባዶ ጎድጓዳ ደግሞ ከጓዳዋ ባወጣችው ሆምጣጤ ውስጥ በተዘፈዘፈ ኪያር ሞላቻቸው።

«አንተ ትወስዳለህ» አለችው።

«አክስቴ፣ ታውቀኛለች።»

«ማን የማያውቅህ አለ?»

«ብትስቅስ?»

«ትሳቅ። እስክትጨርስ ቆመህ ትጠብቃለህ።» ሰሃኑን እጁ ላይ አስቀመጠች። «ስትጨርስም አትሂድ። ብላ ብትልህ ትበላለህ፤ ዝም ብትል ዝም ትላለህ። ሥራው እሱ ነው። መውሰዱማ ቀላል ነው።» ከዚያ የነከሰችውን ግማሽ እንቁላል ይዛ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች።

በረንዳው ላይ ሲወጣ ዌልደን፣ «እምቢ አለችህ እንዴ? ለኔ ስጠኝ በላ፣ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆዴን ነኝ!» አለው። ሽማግሌው ግን ኮርዴል ወዴት እንደሚሄድ አይቶ ሲጋራውን ጣለ፤ ዌልደንንም በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገው። ኮርዴል መንገዱን ተሻገረ። አንድ መኪና ቆሞ አሳለፈው። የበሩ ደወል ሽቦው ተቆርጦ ተንጠልጥሏል፤ ሁለት እጁ በሰሃኑ ስለተያዘ በክርኑ አንኳኳ። ማንም አልመጣም። መመለስ ይችል ነበር፤ የናዲን ኮት ማውለቅ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። እንደገና አንኳኳ።

በሩን የከፈተችው ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ናት። የወንድ ሸሚዝ ለብሳለች፤ እጅጌው እስከ ጣቶቿ ይደርሳል። ዓይኗ አብጧል። በመጀመሪያ ፊቱን አየች፤ የት ነው የማውቀው የሚል ሐሳብ ግንባሯ ላይ አለፈ። ከዚያ ዝቅ ብላ እንቁላሎቹን አየች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ።

«ሰው… ሰው ሲሞት…» አለች፤ መጨረስ አልቻለችም። ሳቁ ገነፈለ። በሩን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ በዚያ በረዘመው እጅጌ አፏን ሸፍና ሳቀች። «ይቅርታ፣ ጌታዬ… አምላኬ፣ ይቅርታ… ጃክ… ባሌ ይሄንን… መኪናው ውስጥ ሁልጊዜ ይዘፍነው ነበር…» አለች፤ እንደገና ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ መንገድ ላይ ተቀየረና ሌላ ድምፅ ሆነ፤ በበሩ መቃን ላይ እየተንሸራተተች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ኮርዴል ቆመ። እጁ ዛለ፤ ሰሃኑን አላወረደውም። ከመንገዱ ማዶ ያለው የማእድ ቤት መስኮት መጋረጃው ተገልጦ እንደሆነ ለማየት ዞር ማለት አማረው፤ አልዞረም። እንድትጨርስ ጠበቀ። ብዙ ፈጀ። በመጨረሻ ሴትየዋ ፊቷን በሸሚዙ ጠርጋ ቀና አለች፤ እጇን ዘርግታ አንዱን እንቁላል አንሥታ እዚያው እንደተቀመጠች በላች። ሁለተኛውንም አነሣች። ለካ ርቧት ነበር።

«ቀስ በይ» አላት ኮርዴል፤ «ያንቅሻል።»

ሦስተኛውን እንደያዘች የሰሃኑን አረንጓዴ ጠርዝ በጣቷ ነካችው። «እንዴት ያለ ጥሩ ሰሃን ነው» አለች። «ለማን ነው የምመልሰው?»

ድሮ ስሙን በየመድረኩ በጩኸት ያስተዋውቅ ነበር። አሁን ግን አልጠራውም። ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጠና ሰሃኑን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ከሥሩ ተጽፏል» አላት።